የሚለጠፍ የወለል ንጣፍ ፓተንት ይገባዋል? ክርክሩ በድሬዳዋ ሊሾ ላይ ሲፈተሽ

የጀርባው ወረቀት ተልጦ ወለል ላይ የሚለጠፍ የፒቪሲ ንጣፍ ድሬዳዋ ውስጥ እንግዳ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ሴራሚክ ለማንጠፍ ገንዘብ ወይም ጊዜ ያጠረው ሰው ጥቂት ካርቶን ገዝቶ በአንድ ቀን የክፍሉን መልክ ይለውጥበታል፤ ሱቆችም የቆየውን ሊሾ ያለብሱበታል። ታዲያ ዕቃው እንዲህ ከተለመደ በኋላ አንድ ሰው ተነስቶ «ይህ የእኔ ፈጠራ ነው፣ ያለ ፈቃዴ አትሽጡት» ቢል ምን መልስ አለ? ወይም በተቃራኒው፣ አንድ የከተማው ባለሙያ በሙቀትና በአቧራ ምክንያት ንጣፉ እንዳይነሳ የሚያደርግ ዘዴ አግኝቶ ፓተንት ሲጠይቅ «ይህማ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው» ተብሎ ቢመለስ ትክክል ነው?

ሁለቱም ጥያቄዎች የሚያርፉት በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ሕጉ የፈጠራ ብቃት የሚለው፣ ማለትም ነገሩ ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ነጥብ። በሌሎች አገሮችም በንጣፍ አምራቾች መካከል ሙግት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ጉልበት የሚያስጨርሰው ይኸው ነው። የእኛ አቋም የሚከተለው ነው፦ «ማጣበቂያ ያለው ንጣፍ ፈጠራ ነው ወይ?» ተብሎ በጥቅሉ ሲጠየቅ መልሱ አይደለም ነው፤ ይህን ለማለት ብዙ መከራከርም አያስፈልግም። ንጣፉ ለምን እንደሚነሳ ተመርምሮ፣ ለዚያ ምክንያት የተወሰነ መፍትሔ በልክና በቁጥር ሲጻፍ ግን ክርክሩ እውነተኛ ይሆናል። ስለዚህ ማስረጃው ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ከወለሉ ላይ ነው የሚለቀመው።

ሕጉ የሚጠይቀው

የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በአንቀጽ 3 ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ አዲስነት፣ የፈጠራ ብቃትና በኢንዱስትሪ ሥራ ላይ መዋል መቻል። ለወለል ንጣፍ ሦስተኛው አያከራክርም። አዲስነት የሚለካው ግን በዓለም ስፋት ነው። ማመልከቻው ከገባበት ቀን በፊት በየትኛውም አገር በጽሑፍ፣ በቃል፣ በአገልግሎት ወይም በሌላ መንገድ ለሕዝብ የተገለጠ ነገር ሁሉ ቀዳሚ ጥበብ ነው። «ድሬዳዋ ላይ ከእኔ በፊት የሠራው የለም» የሚለው መከራከሪያ ለፓተንት አይበቃም።

የፈጠራ ብቃት ከዚህ ይለያል፤ ሁለቱ ሲምታቱም በብዛት ይታያል። አዲስነት ሲመረመር ማመልከቻው የሚነጻጸረው ከአንድ ቀዳሚ ዕቃ ወይም ሰነድ ጋር ብቻ ነው፤ ሁሉም ክፍሎች በዚያ በአንዱ ውስጥ ካልተገኙ ነገሩ አዲስ ነው ይባላል። የፈጠራ ብቃት ሲመረመር ግን ተቃዋሚው ሁለት ወይም ሦስት ምንጮችን አቀናጅቶ «በሙያው አማካይ ክህሎት ያለው ሰው እነዚህን አገናኝቶ እዚሁ ይደርስ ነበር» ማለት ይፈቀድለታል። ብዙ ማመልከቻ አዲስነትን አልፎ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ረጅም መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1851 በሆችኪስ እና ግሪንዉድ ጉዳይ ከብረት ወይም ከእንጨት ይሠራ የነበረን የበር እጀታ ከሸክላ መሥራት ብቻውን ፓተንት እንደማያሰጥ ወሰነ፤ ያ የተለመደ የእጅ ባለሙያ የሚያደርገው የቁስ ለውጥ ነው በማለት። በ1969 ደግሞ አስፋልት የሚያነጥፍ ማሽንና አስፋልት የሚያሞቅ ማንደጃ በአንድ ላይ የተገጠሙበትን መሣሪያ አይቶ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይሠራ የነበረውን ከመሥራት ያለፈ ነገር አልታየም በማለት ፓተንቱን ዋጋ አሳጣው። በ2007 ኬኤስአር በተባለ ኩባንያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ይህ አስተሳሰብ ይበልጥ ጠነከረ፦ የታወቁ ክፍሎች በታወቀ መንገድ ተገጣጥመው የሚጠበቀውን ውጤት ብቻ ከሰጡ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አማካዩ ባለሙያም መመሪያ ብቻ የሚከተል ሰው ሳይሆን የራሱን ብልሃት የሚጠቀም ሰው ተደርጎ ይታሰባል። በተቃራኒው በ1966 በአዳምስ የባትሪ ጉዳይ ክፍሎቹ ሁሉ የታወቁ ቢሆኑም፣ በጊዜው የነበረው ዕውቀት «ይህ አይሠራም» ይል ስለነበርና ባለሙያዎችም ስላላመኑት ፓተንቱ ጸንቷል።

እነዚህ ውሳኔዎች የኢትዮጵያን ፍርድ ቤት አያስገድዱም። የአዋጁ መለኪያ በይዘቱ ተመሳሳይ ስለሆነ ግን የማመዛዘኛው መንገድ ይጠቅማል። በተለይ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የሚከተለው አሠራር ለንጣፍ ጉዳይ ምቹ ነው፦ መጀመሪያ ለፈጠራው በጣም ቅርብ የሆነው ቀዳሚ ዕቃ ይለያል፤ ቀጥሎ ልዩነቱና ልዩነቱ ያስገኘው ቴክኒካዊ ውጤት ይጻፋል፤ ከዚያ ውጤቱ የሚፈታው ችግር ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ያ ችግር የገጠመው ባለሙያ ወደዚህ መፍትሔ መድረስ ይችል ነበር ብቻ ሳይሆን በእርግጥ ይሄድ ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል። «ይችል ነበር» ብቻ አይበቃም፤ ካወቁት በኋላ ሁሉም ቀላል ይመስላልና።

ንጣፉ ለምን ይነሳል?

ችግሩ ካልታወቀ መፍትሔው ግልጽ ነው አይደለም ማለት ስለማይቻል እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

በንጣፉ ጀርባ ያለው ማጣበቂያ እንደ ማስቲሽ ወይም እንደ ኮላ የሚደርቅ አይደለም። ሁልጊዜ ተጣባቂ ሆኖ የሚቆይ፣ ግፊት ብቻ የሚፈልግ ስስ ሽፋን ነው። የሚይዘውም ወለሉን በደንብ ሲነካ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠላቱ አቧራ ነው። የእኛ ሊሾ ሲሠራ ላዩን ለማለስለስ ደረቅ ሲሚንቶ ይነሰነስበታል፣ ወይም ውሃ እየተረጨ በፍራታዞ ከልክ በላይ ይታሻል፤ ያኔ ከላይ ደካማ፣ ሲፋቅ ዱቄት የሚሆን ንብርብር ይቀራል። ማጣበቂያው ዱቄቱን ይይዛል፣ ዱቄቱ ግን ወለሉን አልያዘም። ይህን ለማወቅ አንድ ቁራጭ ስኮች ሊሾው ላይ አጥብቆ ለጥፎ በአንድ ጊዜ መንቀል ነው፤ ጀርባው ነጭ ሆኖ ከወጣ ወለሉ ሳይፋቅና ፕራይመር (ከንጣፉ በፊት ወለሉን የሚያጠነክር ቅብ) ሳይቀባ ንጣፍ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ከሥሩ ፕላስቲክ ሳይነጠፍ የተሞላ የምድር ቤት ወለል ከአፈሩ እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ ላይ ሲደርስ ፒቪሲው አያሳልፈውም፤ ንጣፉ ሥር ይታፈንና የሲሚንቶውን አልካላይ ይዞ ማጣበቂያውን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። ምርመራው ቀላል ነው፦ በግምት 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በስኮች አሽጎ ቢያንስ 16 ሰዓት መተው። ከሥሩ ጠብታ ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ወለሉ አልደረቀም። ብዙ ሰው «28 ቀን ሞልቶታል» ይላል፤ 28 ቀን ግን ሲሚንቶው ጥንካሬውን የሚለካበት ጊዜ እንጂ የሚደርቅበት አይደለም። ለሊሾ በተለምዶ የሚሰላው በጥሩ አየር በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወደ 50 ቀን ይፈልጋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ድሬዳዋን ከብዙ ከተማ የሚለያትም ይህ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሞቃቱ ወራት የቀትር ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው፤ በበር ወይም በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ያረፈበት ጠቆር ያለ ንጣፍ ደግሞ ከአየሩም በላይ ይግላል። ፒቪሲ ሲሞቅ ይረዝማል። ለአንድ ዲግሪ ለውጥ በአንድ ሜትር 0.07 ሚሊ ሜትር ብንወስድ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ንጣፍ በ20 ዲግሪ ልዩነት 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቀን ይገፋል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። ማጣበቂያው በሙቀት ስለሚላላ ይህን እንቅስቃሴ አይገታውም፤ ይልቁንም አብሮ ይንሸራተታል። ውጤቱ በየቤቱ የሚታይ ነው፦ በመጋጠሚያዎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ማጣበቂያው በክፍተቱ ይወጣል፣ አቧራ ይይዛል፣ ከዚያ በመጥረጊያም በሳሙናም የማይለቅ ጥቁር መስመር ይሆናል። ዞኮሎው ሥር የማስፋፊያ ቦታ ሳይተው ከግድግዳ ጋር ጥብቅ ተደርጎ ከተነጠፈ ደግሞ መሐሉ ይነሳል።

አራተኛው በዓይን የማይታይ ነው። ለስላሳ ፒቪሲ እንዲለሰልስ ዘይት መሰል ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ማለስለሻ በፒቪሲው ውስጥ ታስሮ አይቀርም፤ ከወራት በኋላ ወደ ማጣበቂያው እየሰረገ እንደ ቀለጠ ማስቲካ ያደርገዋል። ሙቀት ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል። ሲገዛ በጣም የሚይዝ የነበረ ንጣፍ በዓመቱ በእጅ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሠራተኛው ግን ይወቀስበታል።

ሐረር ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከተማዋ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቷና ማለዳዋ ቀዝቃዛ ነው፤ ማጣበቂያ በቅዝቃዜ ይጠነክርና ወለሉን በደንብ ሳይነካ ይቀራል። እዚያ ረፋዱ ካለፈ በኋላ መለጠፍ ይሻላል። ጀጎል ውስጥ ባሉት ጥንታዊ ቤቶች ደግሞ በቀይ አፈር የተለሰነ ወለል ላይ ተለጣፊ ንጣፍ አይያዝም፤ መያዝም የለበትም፣ የቤቱን ወለል አፍኖ ያበላሻልና።

አንድ ማመልከቻ እናስብ

አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ ማመልከቻ እንውሰድ። አራት የመብት ጥያቄዎች፣ ማለትም ጥበቃ የሚጠየቅባቸው ነጥቦች፣ አሉት። አንደኛው «ጀርባው በማጣበቂያ የተቀባና ማጣበቂያው በሚላጥ ወረቀት የተሸፈነ የፒቪሲ ንጣፍ» ይላል። ሁለተኛው ማጣበቂያው ሙሉውን ጀርባ ሳይሆን ከ40 እስከ 60 በመቶውን በትይዩ መስመሮች ይሸፍን፣ በመስመሮቹ መካከል እስከ ጠርዝ የሚዘልቅ የእርጥበት መውጫ ቦይ ይኑር ይላል። ሦስተኛው በፒቪሲውና በማጣበቂያው መካከል ማለስለሻውን የሚያግድ ስስ ሽፋን ይጨምራል። አራተኛው ንጣፉ ከወለሉ ጋር ሳይሆን ጠርዙ ከጎረቤቱ ጠርዝ ጋር ብቻ እንዲጣበቅ ያደርጋል።

አንደኛው ወዲያው ይወድቃል፤ የሚወድቀውም የፈጠራ ብቃት ጋ ሳይደርስ በአዲስነት ነው። ወረቀቱ ተልጦ የሚለጠፍ የፒቪሲ ንጣፍ በዓለም ገበያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል። ማጣበቂያው «ተነቅሎ እንደገና የሚለጠፍ» ነው ብሎ ማሻሻልም ብዙ አያድንም፤ የሚይዝና ሳይቀድ የሚለቅ ማጣበቂያ በስሪኤም ኩባንያ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተገኝቶ ከ1980 ጀምሮ በማስታወሻ ወረቀት ጀርባ ዓለምን አዳርሷል። ያን የታወቀ ማጣበቂያ ወደ ንጣፍ ማዛወር፣ ያልተጠበቀ ውጤት ካልታየበት፣ ከሸክላው እጀታ አይለይም።

አራተኛው የተሻለ ይመስላል፣ ነገር ግን እሱም ቀድሞ ተሠርቷል። ዳርና ዳሩ ተደራርቦ እርስ በርሱ የሚጣበቅ ወለሉን ግን የማይነካ ንጣፍ በአሜሪካ ሲሸጥ ቆይቷል፤ ኢንተርፌስ የተባለው ኩባንያም የምንጣፍ ካሬዎችን ማዕዘን ለማዕዘን በትናንሽ ተለጣፊዎች ብቻ የሚያያይዝበት ታክታይልስ የሚባል ዘዴ አለው። ስለዚህ አመልካቹ እዚህ የሚተርፍለት በጣም ጠባብ የሆነ የቅርጽ ወይም የልክ ልዩነት ነው።

ሦስተኛው የኬሚስቱ ሜዳ ነው። ማለስለሻ ወደ ማጣበቂያ እንደሚሰርግ በፒቪሲ ስቲከርና በፒቪሲ ስኮች ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎች ከቆየ ጀምሮ ያውቁታል፤ ማገጃ ሽፋንም ያውቃሉ። ችግሩ የታወቀ፣ መፍትሔውም በጎረቤት ዘርፍ የታወቀ ሲሆን «ማገጃ ሽፋን» ብሎ ብቻ መጻፍ ግልጽ ከመባል አያመልጥም። አመልካቹ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ማይክሮን እንደሆነ፣ በ50 ዲግሪ ለስንት ሳምንት ተፈትኖ ማጣበቂያው ምን ያህል አቅሙን እንደጠበቀ ቢያስቀምጥና ያ ቁጥር ከሚጠበቀው በግልጽ ቢበልጥ ግን የተለየ ነገር ይኖረዋል።

እውነተኛው ሙግት ሁለተኛው ላይ ነው። ተቃዋሚው ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ ጥርስ ያለው ስፓቱላ ነው፦ ወለል ሠራተኛ ኮላ ሲቀባ መስመር መስመር አድርጎ እንደሚቀባ ማን ያጣዋል? ሁለተኛው ከማስታወቂያ ሥራ የሚመጣ ነው፦ መኪናና ባጃጅ ላይ የሚለጠፈው ስቲከር አንዳንዱ ዓይነት ጀርባው ላይ አየር የሚያስወጡ ረቂቅ ቦዮች አሉት፣ ሲለጠፍ አረፋ እንዳይቋጥር። «ስቲከሩን ከንጣፉ ጋር አገናኝ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ታገኛለህ» ይላል።

ክርክሩ ጠንካራ ይመስላል። ሆኖም ሦስት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። የስፓቱላው መስመር ንጣፉ ሲጫን ይደፈጠጣል፤ ዓላማውም ኮላው ተሰራጭቶ ሁሉን እንዲሸፍን ነው እንጂ ቦይ ሆኖ እንዲቀር አይደለም። የስቲከሩ ቦይ የሚፈታው ችግር ሌላ ነው፤ አየር በሚለጠፍበት ደቂቃ እንዲወጣ ነው የተሠራው፣ እርጥበት ለዓመታት እንዲወጣ አይደለም፤ ብዙውም ከተጫነ በኋላ ይዘጋል። ሦስተኛውና ከባዱ ደግሞ የሙያው ትምህርት ራሱ ነው። ሴራሚክም ሆነ ፒቪሲ የሚያነጥፍ ሰው ከመጀመሪያው ቀን የሚማረው ባዶ ቦታ አትተው የሚል ነው፤ ባዶ ቦታ ያለበት ሴራሚክ ሲረገጥ ይሰነጠቃል፣ ባዶ ቦታ ያለበት ንጣፍ ጠርዙ ይነሳል። ሙያው «ጨምር» ሲል አመልካቹ ግማሹን ቀንሶ የተሻለ ከያዘ፣ ይህ ከአዳምስ ባትሪ ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ ነው። በእኛ ግምት ሁለተኛው ጥያቄ፣ ቁጥሮቹ በፈተና ከተደገፉ፣ ሊጸና ይችላል። ካልተደገፉ ግን «ከ40 እስከ 60 በመቶ» የሚለው ልክ ከአየር የተወሰደ ይሆንና ተቃዋሚው ማንኛውም ባለሙያ በሙከራ የሚደርስበት ልክ ነው ብሎ ይጥለዋል።

አንድ ነገር ግን መታወስ አለበት። በደረቅ ፎቅ ወለል ላይ ቦዩ ምንም አይጠቅምም፤ የመያዣውን ስፋት ብቻ ይቀንሳል። ስለዚህ ማመልከቻው መፍትሔው እርጥበት ላለው የሲሚንቶ ወለል መሆኑን ካልጻፈ፣ ጥቅም የሌለበትንም ቦታ አብሮ ስለሚጠይቅ ራሱን ያዳክማል።

አማካዩ ባለሙያ ማን ነው?

የአብዛኛው ሙግት ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ሆኖም ክርክሩ ላይ በቂ ጊዜ አይሰጠውም። አማካዩ ባለሙያ ድሬዳዋ ውስጥ ንጣፍ የሚያነጥፈው ሠራተኛ ነው ካልን ስለ ማለስለሻ መስረግ ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄ ግልጽ አይደለም ይባላል። የፋብሪካ ኬሚስት ነው ካልን ሦስተኛው ግልጽ ይሆናል፣ ሁለተኛው ግን ስለ ሊሾ እርጥበት ከማያውቅ ሰው ዓይን ይታያል። ትክክለኛው መንገድ ችግሩን ለመፍታት አምራች ድርጅት የሚያሰማራውን ሰው ማሰብ ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሳይሆን የማጣበቂያ ኬሚስትና ልምድ ያለው አንጣፊ አብረው ናቸው። ፍርድ ቤት የሙያ ምስክር ሲያስቀርብ ሁለቱንም ቢሰማ ይሻላል። የአንጣፊው ቃል «ሙያው ምን ያስተምር ነበር» ለሚለው ከማንም በላይ ክብደት አለው፤ ስለ ኬሚካሉ ግን እሱን መጠየቅ ተገቢ አይደለም።

ማስረጃው እንዴት ይዘጋጃል?

አመልካች የሆነ ሰው ፈተናውን ቀላል ግን ንጹሕ ማድረግ አለበት። ከአንድ ቅልቅል ሲሚንቶ የተሠሩ ተመሳሳይ የሊሾ ሰሌዳዎች ያዘጋጅ። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ቁራጮች ይለጥፍ፤ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ክብደት ይዳምጥ፣ ለወለል ሥራ የተለመደው ዳምጣሪ 45 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ለ72 ሰዓት ይተዋቸው፤ ከዚያ አንዱን ጫፍ በሚንጠለጠል ሚዛን ይዞ ከወለሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እየሳበ ኪሎውን ይመዝግብ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አምስት ቁራጭ በመደበኛ ሙቀት፣ አምስት ደግሞ በ50 ዲግሪ፤ ሌላ ስብስብ ደግሞ ከሥሩ እርጥበት በሚስብ ሰሌዳ ላይ። ቁጥሮቹ ከነቀናቸው ይጻፉ።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። የራሱን ቦይ ያለውን ንጣፍ ከአንድ ፋብሪካ፣ ማነጻጸሪያውን ከሌላ ፋብሪካ ከወሰደ ልዩነቱ ከቦዩ ይምጣ ከፒቪሲው አይታወቅም። ማነጻጸሪያው ገበያ ላይ ያለ መጥፎው ዕቃ ከሆነ ተቃዋሚው «በጣም ከሚቀርበው ጋር አነጻጽር» ይለዋል፣ ልክም ነው። 50 በመቶ ላይ ብቻ ፈትኖ ከ40 እስከ 60 ከጠየቀ ደግሞ ዳርና ዳሩ ባዶ ይቀራል፤ ቢያንስ 30፣ 40፣ 50፣ 60ና 70 ላይ መፈተን፣ ከክልሉ ውጭ ውጤቱ እንደሚወድቅም ማሳየት ያስፈልጋል።

ተቃዋሚ የሆነው ነጋዴ ወይም አስመጪ ደግሞ ዋናው መሣሪያው ቀን ያለው ወረቀት ነው። ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የአምራቹ ካታሎግ፣ የምርት ቀን የታተመበት ካርቶን፣ ከሁሉ በላይ ወረቀቱ ያልተላጠ ናሙና። ደረሰኙ «የፒቪሲ ንጣፍ» ብቻ ካለ የጀርባውን ቦይ አያስረዳም፤ ደረሰኙና ናሙናው በሞዴል ቁጥር መገናኘት አለባቸው። ከማመልከቻው ቀን በፊት የተጫነ ቪዲዮም ያገለግላል፣ ቀኑ ከተረጋገጠ። የውጭ ፓተንቶችን በነጻ ለማየት ፓተንትስኮፕና ኢስፓስኔት የሚባሉ ድረ ገጾች አሉ፤ በቃል ብቻ መፈለግ ብዙ ያስመልጣል፣ በዓለም አቀፉ የምደባ ኮድ መፈለግ ይሻላል፦ ወለል በኢ04ኤፍ 15፣ በስስ ሽፋን መልክ ያለ ማጣበቂያ በሲ09ጄ 7 ሥር ነው። ሁለቱ ኮዶች አብረው የተጻፉባቸው ሰነዶች ለዚህ ጉዳይ በጣም ቅርቦቹ ናቸው። ጊዜው ያለፈበት ፓተንትም መብት ሆኖ ባያስፈራም ቀዳሚ ጥበብ ሆኖ ያገለግላል።

ፓተንቱ ቀድሞ ከተሰጠ ጥቅሜ ተነካ የሚል ሰው እንዲሰረዝ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። የፓተንት ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ስለሆነና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድሬዳዋ ላይ ስለሚያስችሉ ለከተማው ነጋዴ ይህ በር ሩቅ አይደለም። ስረዛ ሲጠየቅ እያንዳንዱን የመብት ጥያቄ ለየብቻ ማጥቃት ይገባል፤ «ፓተንቱ በሙሉ ግልጽ ነገር ነው» ብሎ የሚጀምር አቤቱታ አንደኛውን ጥሎ ሁለተኛውን ቆሞ ሊያገኘው ይችላል።

ሌሎቹ በሮች

ፓተንት ከባድ ለሆነበት ባለሙያ አዋጁ የአነስተኛ ፈጠራ ጥበቃ አለው። እዚህ የፈጠራ ብቃት አይጠየቅም፤ አዲስነትና በኢንዱስትሪ መዋል መቻል ይበቃል፣ አዲስነቱም ከአገር ውስጥ አንጻር ነው የሚታየው። የሚቆየው 5 ዓመት ሲሆን አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከታየ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል፤ ፓተንት ግን 15 ዓመት ሆኖ በተመሳሳይ ሁኔታ 5 ዓመት ሊጨመርበት ይችላል። ሊሾው ላይ የሚሠራ፣ ለድሬዳዋ ሙቀት የተስተካከለ ጠርዝ ወይም መጋጠሚያ ላገኘ አንጣፊ ይህ መንገድ ከፓተንት ይልቅ የሚስማማ ይመስለናል፤ ጥቂት ሰው ብቻ ማወቁ ያሳዝናል።

አስገቢ ፓተንት የሚባለውም አለ፤ በውጭ አገር ፓተንት ያለውን፣ ጊዜው ያላለፈበትንና ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያልተመዘገበውን ፈጠራ ወደ አገር ለሚያስገባ ሰው እስከ 10 ዓመት ይሰጣል። አንዳንድ አስመጪ «ሌላው አስመጪ በዚህ ተጠቅሞ ተለጣፊ ንጣፍን በሙሉ ይዘጋብናል» ብሎ ይሰጋል። ተራው ተለጣፊ ንጣፍ ግን በውጭ ያለው ጥበቃ ካለፈ ብዙ ጊዜ ስለሆነው ለዚህ አይበቃም። ሊበቃ የሚችለው አዲስ የሆነ፣ በውጭ አገር ፓተንቱ በሕይወት ያለ የተወሰነ ዓይነት ብቻ ነው።

በባዛር ወይም በቴሌግራም ገጽ ምርቱን ቀድሞ ያሳየ ፈጣሪ ማመልከቻውን ለማስገባት ያለው ጊዜ 12 ወር ነው። አዋጁ አመልካቹ ራሱ በዚያ ጊዜ ውስጥ የገለጠውን እንደ ቀዳሚ ጥበብ አይቆጥርበትም። በአውሮፓ ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ የ12 ወር ዕድል የለም፤ ምርቱን ወደዚያ መሸጥ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ማመልከቻውን ያስገባ፣ ከዚያ ንጣፉን ያሳይ።